ለሐዋሳው ቤዚስት፦ ኢንቨሎፕ ፊልተሩን ስትረግጥ ቤዙ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ሐዋሳ ከሚጫወት ወጣት ነው። ኢንቨሎፕ ፊልተር እንደ ምትህ ጉልበት ድምፁን «ዋ» የሚያሰኝ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው። ጥያቄውን ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜና እሑድ ሆቴል ውስጥ ከሚሠራ ባንድ ጋር ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። እህቴ ከውጭ ስትመጣ ያገለገለ ኢንቨሎፕ ፊልተር አመጣችልኝ። ቤት ስሞክረው ልብ ይሰርቃል። መድረክ ላይ ስረግጠው ግን ቤዙ ጥፍት ይላል። ድራመራችን ዞሮ ‹የት ሄድክ?› ይለኛል። ለስለስ አድርጌ ስመታ ምንም አይሠራም፣ ጠንከር ስል ይጮኻል። ወፍራሙ ክር ላይ ደግሞ ይንተባተባል። ከፊቱ ኮምፕረሰር አለኝ። ፔዳሉ ሁለት ማዞሪያና አንድ ባለ ሦስት ቦታ ማብሪያ ብቻ ነው ያለው። ባትሪ እየጨረሰ ስላስቸገረኝ የቤት ዋይፋይ አዳፕተር ልሰካበት አስቤ ነበር፤ ሁለቱም 9 ቮልት ይላሉ። ልሽጠው ወይስ እኔ ነኝ ያልቻልኩበት?»

ወንድሜ፣ አዳፕተሩን አትሰካ፣ ፔዳሉንም አትሽጥ። ስለ አዳፕተሩ በኋላ እነግርሃለሁ፤ እስከዚያው ግን እጅህን ሰብስብ።

ከጻፍከው ተነስቼ ስገምት ፔዳሉ ጤነኛ ነው። የተቸገረው ወደ እሱ በሚገባው ድምፅ ነው። ሌሎች ፔዳሎች፣ ለምሳሌ ድምፁን የሚደግመው ዲሌይ ወይም የሚያባዛው ኮረስ፣ ለስላሳም ምታ ጠንካራም ምታ ግድ የላቸውም፤ ሥራቸውን ይሠራሉ። ይሄኛው ግን እጅህን እያዳመጠ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ማዞሪያዎቹን ከመነካካትህ በፊት ጣቶችህንና ከፔዳሉ ፊት ያስቀመጥከውን ነገር እንይ።

መጀመሪያ ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ልንገርህ። ይህን ካወቅክ ግማሹን ራስህ ትፈታዋለህ። ከጊታርህ የመጣው ድምፅ ፔዳሉ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ፊልተሩ ይሄዳል፤ የምንሰማው እሱን ነው። ሌላውን አንሰማውም። እሱ የድምፁን ጉልበት ብቻ ይለካል። ክሩን ስትመታ ጉልበቱ ከፍ ይላል፣ ድምፁ እየሞተ ሲሄድ ይወርዳል። ያ ከፍታና ዝቅታ ፊልተሩን ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። እስቲ በአፍህ «ኡ» በልና ሳታቋርጥ ወደ «ዋ» እለፍ። ድምፁ የደመቀው ኖታ ስለቀየርክ አይደለም። ኖታው ያው ነው፤ ከንፈርህ ሲከፈት ቀጭኑ የድምፅ ክፍል መውጫ አገኘ። ፊልተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በተለመደው የዋዋ ፔዳል ከንፈሩን የሚከፍተው እግርህ ነው፤ እዚህ ግን የምትህ ጉልበት ነው።

ነገሩን ፔዳል አድርጎ ያስታወቀው ማይክ ቢጀል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሙ-ትሮን ሦስት የሚባለው የእሱ ፔዳል በ1972 እ.ኤ.አ. ወጣ። መነሻው ሳይጠናቀቅ የቀረ የሲንተሳይዘር ሥራ ነበር፤ ከዚያ የፊልተሩ ክፍል ተነጥሎ ለብቻው ሳጥን ውስጥ ገባ። ቤዝህ ድንገት ሲንተሳይዘር ሲንተሳይዘር የሚለው ለዚህ ነው። ስቲቪ ወንደር በ1973 እ.ኤ.አ. በ«ሃየር ግራውንድ» ላይ ክላቪኔት የተባለውን ኪቦርዱን በዚህ ፔዳል አሳልፎ ተጫወተ። ቡትሲ ኮሊንስ ደግሞ ቤዙን አሳለፈበትና የፈንክ ቤዝ ስም ከዚህ ድምፅ ጋር ተጣበቀ። በኋላ የመጣውን ኪው-ትሮንም የነደፈው ያው ቢጀል ነው።

እኛ አገር አድማጩ ለዋዋ ድምፅ እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በተቀዱ የአገራችን ሙዚቃዎች ላይ በዋዋ የሚያወራ ጊታር ይሰማል። ግን ያ ሊድ ጊታር ነው። ሊድ ጊታር ወፍራም ድምፁን ቢያጣ ማንም አይከሰውም። ቤዝ ሲያጣ ዳንሱ ይቆማል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጉዳይህ እንምጣ። ቤዝህ ሲጠፋ እኔ የምጠረጥረው ባለ ሦስት ቦታዋን ማብሪያ ነው። ሦስቱ ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ሎው ፓስ፣ ባንድ ፓስና ሃይ ፓስ ናቸው። ሎው ፓስ ወፍራሙን ድምፅ ሁልጊዜ ያሳልፋል፤ የሚከፍተውና የሚዘጋው ከላይ ያለውን ነው። ባንድ ፓስ መሐሉን ብቻ ይዞ ከሥርም ከላይም ይቆርጣል። ሃይ ፓስ ወፍራሙን ቆርጦ ይጥላል። ከሦስቱ ቁልጭ ያለ «ዋ» የሚሰጠው ባንድ ፓስ ስለሆነ ሰው ቤቱ ሲሞክር እሱ ላይ ነው የሚቀረው። አንተም እዚያ ላይ የቀረህ ይመስለኛል።

ቁጥሩን ተመልከት። ሳይያዝ የተመታ የኢ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ በሰከንድ 41 ጊዜ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ 98። ፊልተሩ ተከፍቶ ወደ 800 ወይም 1,000 ኸርዝ ሲወጣ ባንድ ፓስ ላይ ከሆንክ እነዚህ ሁሉ ሥር ቀርተዋል ማለት ነው። ታዲያ ቤት ለምን አልተሰማህም? ጆሮ ብልጥ ነው። የአንድ ኖታ የላይኛዎቹ ድምፆች ከደረሱት የጎደለውን የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። በትንሽ ስልክ ሙዚቃ ስትሰማ ቤዙን የምትለየው በዚህ ምክንያት ነው። መድረክ ላይ ግን እነዚያን የላይኛዎቹን ድምፆች ኪቦርዱ፣ ጊታሩና ሲምባሉ ይሸፍኑብሃል። ጆሮ የሚሞላበት መነሻ ያጣል። ድራመርህ ልክ ነው፤ በእርግጥም ሄደሃል።

ስለዚህ ማብሪያውን ሎው ፓስ ላይ አድርገውና አትንካው። «ዋ»ው ትንሽ ይደበዝዝብሃል። ይደብዝዝ። ከባንድ ጋር ስትጫወት በቂ ነው።

ከዚህ በላይ ከፈለግክ መፍትሔው ንጹሑን ቤዝ ከፊልተሩ ጋር መቀላቀል ነው። ለቤዝ ተብለው የተሠሩ ፔዳሎች ይህንን በራሳቸው ያደርጋሉ። ኤምኤክስአር የተባለው ፔዳል አምራች ለቤዝ የሠራው ኢንቨሎፕ ፊልተር ንጹሑንና ፊልተር የገባበትን ድምፅ በሁለት የተለያዩ ማዞሪያዎች ነው የሚሰጥህ። ዲኦዲ የተባለው ሌላ አምራች የሠራው ኤፍኤክስ 25ቢም መቀላቀያ አለው። ያንተው ይህ የለውም። ግን በዲአይ ቦክስ፣ ማለትም የጊታርን ድምፅ በቀጥታ ወደ ሚክሰር በሚልከው ትንሽ ሳጥን፣ ልትሠራው ትችላለህ፤ እዚህ ከተማ ባንድ የሚያሠራ ሆቴል አንድ ዲአይ ቦክስ አያጣም። ጊታርህን መጀመሪያ ዲአዩ ውስጥ አስገባ። ባለ ሦስት እግሩ መውጫ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ይሂድ። ይህ ንጹሕ ቤዝህ ነው፤ ማንም አይነካውም። ዲአዩ ላይ ድምፁን እንዳለ የሚያሳልፍ ሌላ ቀዳዳ አለ። ከእሱ ወደ ፔዳሉ፣ ከፔዳሉ ወደ አምፕህ። አዳራሹ ወፍራሙን ድምፅ ከትልቁ ስፒከር ያገኛል፣ «ዋ»ውን ደግሞ ከአምፕህ። አዳራሹ ሰፊ ከሆነ አምፑ ፊት ማይክ አቁምና በሁለተኛ ቻናል አስገባው። ሳውንድማኑን ቀድመህ አማክረው እንጂ ሰዎች ከተቀመጡ በኋላ ገመድ አትንቀል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ፔዳሎች ድምፁን ገልብጠው ነው የሚያወጡት። ንጹሑ ወደ ላይ ሲል የፔዳሉ ወደ ታች ይላል። ሁለቱ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ፣ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ላይ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሁለተኛውን ቻናል ስትጨምር ቤዙ መወፈር ሲገባው ይሳሳል። ሚክሰሩ ላይ በሰረዝ የተቆረጠ ክብ ምልክት ያለው ቁልፍ ካለ አንደኛው ቻናል ላይ ተጫነው። ሚክሰሩ እሱ ከሌለው ለዚሁ ተብሎ አንድ ባለ ሦስት እግር ገመድ አሠራ፤ በአንዱ ጫፍ 2ኛውና 3ኛው እግር ላይ ያሉት ሽቦዎች ተቀያይረው ይበየዳሉ። የሬዲዮ ጠጋኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰዋል። ገመዱ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልልበት፤ ከሌላ ገመድ ጋር ከተደባለቀ ጉድ ይፈላል።

አሁን ኮምፕረሰሩን እናንሳው። ያለበት ቦታ ልክ አይደለም። የኮምፕረሰር ሥራ ጠንካራውንና ለስላሳውን ምት ማቀራረብ ነው። ፊልተሩ የሚኖረው ደግሞ በዚያ ልዩነት ነው። አንዱ የሚያጠፋውን ሌላው ይፈልጋል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው ኮምፕረሰሩን ቀስ ብሎ እንዲይዝ አድርጎ ነው የሚያስተካክለው። እንደዚያ ከሆነ የምቱን የመጀመሪያ ጫፍ ሳይነካው ያሳልፍና ከኋላ ያለውን ይጨፈልቃል። ፊልተሩ ጫፉን አይቶ ይበረግጋል፣ ከዚያ ጭል ጭል ይልበታል። ኮምፕረሰሩን ከፊልተሩ በኋላ አድርገው። እዚያ ሲሆን ጥቅሙ እጥፍ ነው፤ ፊልተሩ አንዳንድ ኖታ ላይ ሲጮህ ያበርድልሃል፣ የሆቴሉንም ስፒከር ያተርፋል።

«ለስለስ ስል አይሠራም፣ ጠንከር ስል ይጮኻል» ያልከው ግን በኮምፕረሰሩ ብቻ አይመጣም። ሁለቱ ማዞሪያዎችህ ምን እንደሆኑ አልጻፍክልኝም። ብዙውን ጊዜ አንደኛው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ምን ያህል ምት ሲመጣ ይከፈት የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው ኪው ወይም ፒክ ይባላል፤ ፊልተሩ የቆመበትን ቦታ ምን ያህል ያጉላው የሚለው ነው። እንደ እኔ ግምት ኪው ከፍ ብሎብሃል። ሲጮህብህ ደንግጠህ ሴንሲቲቪቲውን ቀነስክ። ሴንሲቲቪቲው ሲቀንስ ለስላሳው ምት ፊልተሩ ጋ መድረስ አቃተው። ጩኸቱ ግን አልሄደም፤ ጠንክረህ ስትመታ ይጠብቅሃል። ብዙ ቤዚስት ይህ ነገር ያዞረዋል።

እንዲህ አድርገው። ኪውን ከሩብ በታች አውርደው። ሴንሲቲቪቲውን ሙሉ በሙሉ ዝጋው። ከዚያ መድረክ ላይ ሞቅ ሲልህ የምትመታውን ያህል ኤ ክሩን ደጋግመህ ምታ። ቤት እንደምትለማመደው ለስላሳ አይደለም፤ ቅዳሜ ማታ ሰው ሲጨፍር እንደምትመታው። እየመታህ ሴንሲቲቪቲውን ቀስ በቀስ ክፈት። ፊልተሩ ሙሉ በሙሉ መከፈት ሲጀምር አቁም። ትንሽ መልሰው። አሁን ለስላሳውን ምታ። በጣም ትንሽ «ዋ» ካለ ልክ መጥተሃል። ምንም ካላለ ጥቂት ጨምር። ኪውን የምትጨምረው በመጨረሻ ነው፣ እሱንም ከባንዱ ጋር ሆነህ። ብቻህን ሆነህ ያስተካከልከው ኪው መድረክ ላይ ሁልጊዜ ይበዛል።

ይህን ስታደርግ የጊታርህ ቮልዩም የት እንዳለ ልብ በል። ፔዳሉ የሚለካው ከጊታሩ የሚወጣውን ስለሆነ ቮልዩሙን በቀነስክ ቁጥር ሴንሲቲቪቲውን እየቀነስክ ነው። ብዙዎች በዘፈን መሐል ቮልዩም ይነካኩና «ፔዳሉ ዛሬ አልሠራልኝም» ይላሉ። ድምፅ መቀነስ ከፈለግክ አምፑ ላይ ቀንስ። ከለመድከው ግን ይህንኑ ነገር ለጥቅም ታውለዋለህ፤ በቮልዩሟ ትንሽ ዙር «ዋ»ውን ማሳነስና ማግነን ይቻላል፣ ጎንበስ ማለትም አያስፈልግም። ጊታርህ ውስጥ ባትሪ ካለ፣ ማለትም አክቲቭ ከሆነ፣ የሚልከው ድምፅ ጠንካራ ነው። ሴንሲቲቪቲው ገና ሲነካ ፊልተሩ ሊከፈት ይችላል። ይህም ብልሽት አይደለም።

የቶን ማዞሪያህን ደግሞ ክፈተው። ብዙ የአገራችን ቤዚስት ቶኑን ዘግቶ ድፍን ያለ ድምፅ ይወዳል፤ ለትዝታ ያምራል። ፊልተር ግን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቀጭኑን የድምፅ ክፍል ነው። ከምንጩ ከዘጋኸው የሚከፍተው ምን አለ? ክርም ያው ነው። ላብና ቆሻሻ የጠጣ ያረጀ ክር ቀጭን ድምፁ ሞቷል። አዲስ ክር እዚህ እንደልብ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለ፣ ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ አሮጌውን ፈትተህ ውኃ ውስጥ ቀቅለው፣ በደንብ አድርቀህ መልሰህ እሰረው። ለጥቂት ጊዜ ይነቃል። ዘላቂ አይደለም፤ ለአንድ ሠርግ ግን ያደርስሃል።

መንተባተቡ የራሱ ምክንያት አለው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይንቀጠቀጣል ብለናል። አንዷ ንዝረት 24 ሚሊሰከንድ ያህል ትወስዳለች ማለት ነው። የፔዳሉ ለኪ ክፍል ለሊድ ጊታር ተብሎ ፈጣን ሆኖ ከተሠራ ይህቺን ረጅም ንዝረት እንደ አንድ ድምፅ አያያትም። እያንዳንዷን ንዝረት እንደ አዲስ ምት ቆጥሮ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ይላል። የምትሰማው መንተባተብ ያ ነው። ዘገምተኛ ሆኖ ቢሠራ ኖሮ መንተባተቡ ይጠፋ ነበር፤ ግን ፈጣን ምት መከተል ያቅተው ነበር። የትኛውም ነዳፊ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ነው የሚሠራው። ያንተ ላይ ይህን የሚያስተካክል ማዞሪያ ስለሌለ መፍትሔው እጅህ ላይ ነው። ፔዳሉ ሲበራ ከወፍራሙ ክር ውጣ። ዝቅተኛውን ኢ በመምታት ፈንታ ኤ ክር ላይ ሰባተኛውን ፍሬት ወይም ዲ ክር ላይ ሁለተኛውን ያዝ፤ ያው ኢ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ 82 ኸርዝ ላይ። ለኪ ክፍሉ እዚያ ላይ ይረጋጋል። በዲአይ ያልኩህን ንጹሕ ቻናል ከሠራህ ደግሞ የቀረውን መንተባተብ ይሸፍንልሃል።

ከዚህ በኋላ ያለው አጨዋወት ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ክፍል።

ፊልተሩ እንደገና «ዋ» እንዲል መጀመሪያ መዘጋት አለበት። እንዲዘጋ ደግሞ ድምፁ መውረድ አለበት። ኖታን ከኖታ ጋር እያያያዝክ ከተጫወትክ ጉልበቱ አይወርድም፣ ፊልተሩም እንደተከፈተ ይቀራል። ያኔ የምትሰማው ተራ ደማቅ ቤዝ ነው። ስለዚህ ኖታውን አሳጥረው። የግራ እጅህን ጣት ከክሩ ሳታነሳ ላላ አድርገው፤ ድምፁ ይቆረጣል፣ ፊልተሩ ይዘጋል፣ ቀጣዩ ምት ከ«ኡ» ይጀምራል። በግራ እጅ ብቻ፣ ሳትመታ የምታወጣቸው ኖታዎች ጉልበት ስለሌላቸው ብዙም አይከፍቱትም። ይህንንም ተጠቀምበት። አንዱን ጠንክረህ ምታ፣ ተከታዮቹን በግራ እጅ አውጣቸው፤ አንደኛዋ ትናገራለች፣ ሌሎቹ ያጉመተምታሉ። በአውራ ጣት የሚመታው ስላፕ ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ እያንዳንዱ ምት ጫፍ ስለሚነካ ልዩነቱ ይጠፋል።

ቺክቺካ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሒሳቡ ይኸውልህ። በ6/8 ዋናው ምት በደቂቃ 120 ጊዜ ከሄደ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። ለሦስት ሲከፈል እያንዳንዷ ትንሽ ምት 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ትደርሳታለች። በዚህች ጊዜ ውስጥ ፊልተሩ መከፈትም መዘጋትም አለበት። ብዙ ፔዳል አይደርስም። ሁሉንም ትንንሽ ምቶች ለማናገር ከሞከርክ ጭቃ ይሆንብሃል። የተሻለው አንዷን ምት መርጠህ እሷን ብቻ ማጉላት ነው፤ የቀሩትን ለስለስ አድርገህ ከሥር አሳልፋቸው። ጨፋሪው ትከሻውን የሚጥልባት ምት ላይ ብታደርገው አይከፋም። ትዝታ ላይ በተቃራኒው ጊዜ አለህ። ዝግ ባለ ዘፈን አንድ ኖታ አንድ ሰከንድ ሙሉ ሲቆይ ፊልተሩ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲዘጋ ኖታው የሚያዝን ይመስላል። ግን እዚያም ዘፋኙ አፉን ሲከፍት አጥፋው። የፊልተሩ ጫፍ የሚመላለስበት ቦታ የሰው ድምፅ ቃላት ከሚለይበት ቦታ ጋር አንድ ነው። ክራርና ሳክስፎንም እዚያው አካባቢ ናቸው። ቤዝና ክራር አንድ ላይ «ዋ» ሲሉ ማን ምን እንደሚል አይታወቅም።

በእኔ እምነት በአንድ ምሽት ይህ ፔዳል የሚበራባቸው ዘፈኖች ጥቂት ቢሆኑ ይበቃል። መግቢያ ላይ፣ ድራምና ቤዝ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ አንድ ሐረግ እየተደጋገመ ሰው በሚጨፍርበት ቦታ። ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰለቻል። ቡትሲ ኮሊንስን ጠቅሰህ ልትከራከረኝ ትችላለህ፤ የቡትሲ ባንድ ግን የተሠራው በዚያ ድምፅ ዙሪያ ነው። ያንተ ባንድ ሠርግ ላይ የአራት ብሔረሰብ ዘፈን በአንድ ሰዓት ውስጥ መጫወት አለበት።

ቦታውም ይለያያል። ጣሪያው ዝቅ ያለ የሆቴል አዳራሽ ወፍራሙን ድምፅ ያጉረመርመዋል፤ ንጹሑን ቻናል ቀነስ፣ «ዋ»ውን ከፍ ብታደርግ ይለያል። ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ ጉዱማሌ ዓይነት ቦታ ላይ፣ የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ወፍራሙ ይበተናል። እዚያ ንጹሑ ቻናል ከሌለህ ባትረግጠው ይሻላል።

ሌሎች ፔዳሎች ካሉህ በአጭሩ፦ ኖታውን በአንድ ኦክታቭ የሚያወርደው የኦክታቭ ፔዳል ከፊልተሩ በፊት ይሁን፤ ንጹሕ ድምፅ ይፈልጋልና። ከዚያ ፊልተሩ ሲከተል ከኪቦርድ የወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ታገኛለህ። ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን በፊቱ ከሆነ ፊልተሩ የሚያኝከው ብዙ ቀጭን ድምፅ ያገኛል፣ ግን የምትህ ልዩነት ይጠፋል፤ በኋላው ከሆነ ልዩነቱ ሳይጠፋ ይቆያል፣ ድምፁ ግን ሻካራ ይሆናል። ሁለቱንም ሞክር። ዲሌይና ሪቨርብ መጨረሻ ላይ።

አሁን የአዳፕተሩ ነገር። ሁለቱም 9 ቮልት ማለታቸው አይበቃም። የፔዳል መሰኪያ ብዙውን ጊዜ መሐሉ ኔጌቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ ነው። የዋይፋይ አዳፕተሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሐላቸው ፖዘቲቭ ነው። ቀዳዳው ይገጥማል፣ ፔዳሉ ግን ሊቃጠል ይችላል። መከላከያ ያላቸው ፔዳሎች አሉ፤ ያንተ እንዳለው ለማወቅ ግን አትሞክር። አዳፕተሩም ፔዳሉም ላይ አንድ ነጥብ በግማሽ ክብ የተከበበችበት፣ ግራና ቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ሥዕል አለ። ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ዓይነት ካልሆኑ አይሰካም። ቮልቱንም አንብብ። የድሮው ትልቁ ኪው-ትሮን ለምሳሌ 24 ቮልት ነበር የሚፈልገው። ከዚያ በተረፈ የሞባይል ቻርጀር ዓይነት ርካሽ አዳፕተሮች «እዝዝ» የሚል ድምፅ ያስገባሉ፤ ፊልተሩ ከፍ ባለ ኪው ያንን ድምፅም ያጎላዋል። መብራት ሄዶ የሆቴሉ ጄኔሬተር ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ድምፁ ከየት እንደመጣ ለመለየት ፔዳሉን በባትሪ አስነሳው። ከጠፋ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው። ካልጠፋ ክሮቹን በእጅህ ንካ፤ ስትነካ የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ የጊታርህ የውስጥ መከለያ ማነስ ወይም የሆቴሉ የምድር ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ የምድር ሽቦውን የሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን ይየው።

ለፔዳል ተብሎ የተሠራ አዳፕተር እስክታገኝ በባትሪ ቀጥል። ቶሎ የሚያልቅብህ ምናልባት ገመዱን ሳትነቅል ስለምታድር ይሆናል። በአብዛኞቹ ፔዳሎች ባትሪውን የሚያበራው የእግር ቁልፉ ሳይሆን ከጊታር የሚመጣው ገመድ ነው። መብራቷ ጠፍታም ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ባትሪው ይሠራል።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ካልጣመህ ያኔ ለሊድ ጊታሪስት ሽጠው፤ ባንድ ፓሱን ይወድልሃል። በምትኩ መቀላቀያ ያለው ለቤዝ የተሠራ ፈልግ። ገንዘቡ ካልበቃ እንደ ዙም ቢ1 ፎር ያለ ብዙ ኢፌክት አንድ ላይ የያዘ ሳጥን ውስጥም ኦቶ ዋህ የሚባል ተመሳሳይ ኢፌክት አለ፤ ድምፁ እንደ እውነተኛው ባይወፍርም ለመማሪያ ይሆናል። ያገለገለ ስትገዛ የራስህን ጊታር ይዘህ ሂድ፣ በሻጩ ጊታር አትፈትን። ኤ ክሩን ለስላሳና ጠንካራ አድርገህ ምታ፣ ከዚያ ወፍራሙን ኢ ምታና መንተባተቡን አዳምጥ፣ ከዚያ ነው ስለ ዋጋ የምታወራው።